ጅምር እንዳይቀር፦ ለሦስት ልጆቻችን የበረራ ትምህርት የድጋፍ ጥሪ

ቁም ሳጥኔ ውስጥ ጀርባው በመቀስ የተቆረጠ ነጭ ሸሚዝ አለ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ መወልወያ ልታደርገው ስትል ከእጇ ተቀብዬ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ የበረራ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ሲያርፍ አስተማሪው የሸሚዙን ጀርባ ይቆርጥለታል። ድሮ አስተማሪው ከተማሪው ኋላ ይቀመጥ ነበር፤ የሞተሩ ጩኸት ስለማያስደማምጥም ሊያናግረው ሲፈልግ ሸሚዙን ይጎትተው ነበር ይላሉ። ብቻውን የሚበር ሰው ታዲያ የሚጎተት ሸሚዝ ምን ያደርግለታል?

የእኔ ከተቆረጠ 11 ዓመት ሆነው። የአብራሪነት ፈቃዱ ግን እስከ ዛሬ የለኝም። ቀን ታክሲ እየነዳሁ ባጠራቀምኩት 24 ሰዓት በረርኩና ገንዘቤ አለቀ። በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ልጃችን ተወለደች፤ «ለሁለት ወር ብቻ ላቁም» አልኩ፤ በዚያው ቀረሁ። የጽሑፍ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለ24 ወር ነው፤ እሱም አለፈበት። ይህን የምነግራችሁ አንጀታችሁን ለመብላት አይደለም። ገንዘቡ የሚያልቀው የቱ ጋ እንደሆነ በራሴ ላይ ስላየሁት ነው።

አሁን በስልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ያለን ወላጆች ተሰባስበን ሦስት ልጆች ለማስተማር ተነስተናል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 19። ስማቸውን ያልጻፍነው ወላጆቻቸው ስለጠየቁን ነው፤ ማኅበራችን አዳራሽ ብትመጡ ራሳቸው ቡና እየቀዱ ያነጋግሯችኋል።

ባለፈው የጸደይ ወቅት ሦስቱም የሙከራ በረራ አድርገዋል። የመጀመሪያዋን ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለው የፍሬድሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ይዣት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። አውሮፕላኑ ሴስና 172፣ ባለ አራት መቀመጫ ስለሆነ ከኋላ ተቀምጬ ሁሉንም አየሁ። ከመነሳታችን በፊት አስተማሪው ከክንፉ ስር በምታሳይ ትንሽ ኩባያ ነዳጅ ቀድቶ ወደ ብርሃኑ አነሳላት። ነዳጁ ሰማያዊ ነው፤ ውሃ ከገባበት ታች ይዘቅጣል። «ውሃ ቢኖርበትስ?» አለችው። «እስኪጠራ ድረስ እየደጋገምን እንቀዳለን፤ ካልጠራ ወደ ቤታችን እንሄዳለን» አላት። እናቷ ይህን ስነግራት ትንሽ ቀለል አላት።

መሬት ላይ ስንንቀሳቀስ ልጅቷ መሪውን እንደ መኪና መሪ ታጣምማለች፤ አውሮፕላኑ ግን ከቁም ነገርም አልቆጠራት። መሬት ላይ አውሮፕላን የሚመራው በእግር፣ በፔዳሎቹ ነው። እኔ ባለ ታክሲው በጊዜዬ ከእሷ ብሶብኝ ነበር። ከመንደርደሪያው ስንነሳ ፍጥነታችን 55 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 63 ማይል ገደማ ነበር፤ በ270 አውራ ጎዳና ላይ ብዙዎቻችን ከምንነዳው አይበልጥም። ሹገርሎፍ ተራራን በግራ ትተን እስከ ፖቶማክ ወንዝ ወረድን። ወደ ሰሜን ያልሄድነው በዚያ በኩል የፕሬዝዳንቱ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ ስላለ ነው፤ እሳቸው ሲመጡ የሚከለከለው ሰማይ የበለጠ ይሰፋል። መሪውን ጨምድዳ ስለያዘችው አስተማሪው በሁለት ጣት ብቻ እንድትይዘው አደረጋት፤ ያኔ አውሮፕላኑ ረጋ። ስንወርድ የበረራ መዝገቧ ላይ 0.7 ሰዓት ተጻፈላት። ይህ ከሚፈለገው ሰዓት ላይ ይቆጠራል።

አንዳንዶቻችሁ «የመጀመሪያ በረራ በነፃ ይገኝ የለ፤ ለምን ታዋጡናላችሁ?» ብላችሁናል። ልክ ናችሁ። ኢ.ኤ.ኤ. የሚባለው የበረራ አፍቃሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ «ያንግ ኢግልስ» በሚባለው ፕሮግራሙ ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን በነፃ ያበራል። ወንዱ ልጃችንም የበረረው በዚያ መንገድ ነው። ገና ላላሰባችሁት ልጃችሁም እንድትጠቀሙበት እመክራለሁ። ለመጀመሪያው በረራ ከእናንተ አንድ ሳንቲም አንጠይቅም።

የምንጠይቀው ለቀሪው ነው። ሕጉ ለግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ 20ው ከአስተማሪ ጋር፣ 10ሩ ደግሞ ተማሪው ብቻውን የሚበረው መሆን አለበት። በተግባር ግን አብዛኛው ሰው 60ና 70 ሰዓት ይፈጅበታል። በእኛ አካባቢ አውሮፕላኑና አስተማሪው በሰዓት 250 ዶላር ገደማ ይመጣሉ። የፈታኙን ክፍያና መጻሕፍቱን ጨምረን ለአንድ ልጅ 18 ሺህ ዶላር ይዘናል። ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ መማር የሚረክስ ይመስላል፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በሦስት ሳምንት አንዴ የሚበር ተማሪ ግን የእያንዳንዱን ትምህርት ግማሽ ያለፈውን በማስታወስ ይጨርሰዋል። እጁ ማረፍ ይረሳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢበር በ60 ሰዓት የሚጨርሰው በ90ም አይሞላለት ይሆናል።

ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ነገር ወስኗል፤ እኔም ሙጭጭ ብዬ የተከራከርኩበት ነው። ለአንድ ልጅ የሚያስፈልገው 18 ሺህ ዶላር ተሟልቶ ሳይቀመጥ ያ ልጅ አይጀምርም። በጠቅላላው የሚያስፈልገን 54 ሺህ ዶላር ነው። እስካሁን 21 ሺህ 400 ገብቷል፤ አንድ ልጅ መጀመር ይችላል ማለት ነው። ለሦስት ካልበቃ ለሁለት፣ ለሁለት ካልበቃ ለአንድ እናደርገዋለን እንጂ ለሦስት ቆራርሰን ሦስቱንም መሀል መንገድ ላይ አናስቀርም። ተራው እንደ እቁብ በዕጣ ይወጣል፤ ልጆቹም ተስማምተዋል።

ለትምህርት ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ አንከፍልም። እኔ ያኔ የ10 ሰዓት በአንድ ጊዜ ከፍዬ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ 4 ሰዓቴ ሜዳ ላይ ቀርቷል። አሁን ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ደረሰኙን አይታ ትከፍላለች፤ በየወሩም ማን ስንት ሰዓት እንደበረረ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ልጆቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። 60 ጥያቄ ያለውን የጽሑፍ ፈተና ራሳቸው አጥንተው አልፈዋል፤ ማለፊያው 70 በመቶ ነው። የጤና ምርመራውንም ጨርሰዋል። እሱን ያስቀደምነው ገንዘብ ከወጣ በኋላ የዓይን ወይም የልብ ችግር ተገኘ ብሎ ማልቀስ እንዳይመጣ ነው።

ይህ ፈቃድ ደመወዝ አያስገኝም፤ ይህንን ደብቀን ገንዘባችሁን አንወስድም። ተከፍሎት ለመብረር በተለመደው መንገድ 250 ሰዓት፣ እዚህ አገር አየር መንገድ ለመግባት ደግሞ በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። የግል ፈቃዱ የመጀመሪያው በር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብድርና ስኮላርሺፕ ፈቃድ የያዘ ልጅ ባዶ እጁን ከሚመጣው ይልቅ ደፍሮ ይጠይቃል። ስለ አደጋም የምትጨነቁ አላችሁ፤ አደጋ የለውም አልልም። ሞተሩ ቢጠፋ ግን አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ሴስና 172 ከ1 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ተማሪም ብቻውን ከመለቀቁ በፊት ይህንኑ ደጋግሞ ይለማመዳል።

አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልም ቢለው፣ እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ክፍሉን እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። በኋላ ገብቶ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ በወረራው ጊዜ ለንጉሠ ነገሥቱ በረረ፤ በ1944 ተመልሶ የእኛን ወጣቶች አስተማረ፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ። የእኛ ልጆች ዛሬ ያሉት በእሱ አገር ነው። እኔ ይህን እንደ ውለታ እቆጥረዋለሁ፤ እናንተ እንደፈለጋችሁ ቁጠሩት።

250 ዶላር አንድ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት፣ ሩብ ሰዓትም ይቆጠራል። የታክሲ ሾፌሮቹ እቁብ የአንድ ዙሩን ብር ሙሉ በሙሉ ሰጥቶናል፤ ዕጣው የወጣለት ሰውዬ ራሱ ነው «ለልጆቹ ይሁን» ያለው። ገንዘብ የምንቀበለው ቅዳሜና እሁድ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ።

ገንዘብ የሌላችሁ መኪና አላችሁ። ከስልቨር ስፕሪንግ ፍሬድሪክ መንገዱ ካልተዘጋጋ 45 ደቂቃ ያህል ነው፤ የልጆቹ ወላጆች ግን ቅዳሜም እሁድም ሥራ ላይ ናቸው። በወር አንድ ቀን ልጅ አድርሶ የሚመልስ ሰው ይመዝገብልን። የአብራሪ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ሰው ካለም ያውሰን፤ አዲሱ ብዙ መቶ ዶላር ነው። የእኔን ሰጥቻለሁ። ስፖንጁ አርጅቷል እንጂ ይሠራል።