ከቀብሩ በፊትና በኋላስ?

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰው ሲሞት መሰብሰቡን እናውቅበታለን፣ እኔን የሚከነክነኝ ከዛ በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በሽተኛው እንደማይድን ከታወቀ ጠያቂ እየሳሳ ይሄዳል፣ ምን ልበለው ብሎ ይፈራላ! ቤተሰቡ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብሎ ይደብቀዋል፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገብቶታል ግን እንዳይጨነቁ ብሎ ዝም ይላል፣ እና አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ሁሉም ለየብቻው ይፈራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ፓሊየቲቭ ኬር፣ ማለትም ከባድ ህመም ያለበትን ሰው ስቃይ የሚያስታግስ እንክብካቤ፣ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 ፐርሰንት አካባቢ ብቻ ናቸው። ሀኪም ብቻውን አይደርስበትም ማለት ነው። ህንድ አገር ኬረላ በሚባል ክልል ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 1993 ካሊከት ከተማ ከተጀመረው ስራ ተነስተው፣ ተራ የሰፈር ሰዎች ሰልጥነው በሽተኛ ያገላብጣሉ፣ ያጥባሉ፣ ቁጭ ብለው ያጫውታሉ፣ ነርስና ዶክተር ደግሞ ከኋላ አሉላቸው። ሀብታም መሆን የግድ አይደለም።

እውቀቱም ቢሆን ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ሰው ሊሞት ቀናት ሲቀሩት ምግብና ውሃ እየተወ ይመጣል፣ ሰውነቱ ስራ እያቆመ ስለሆነ ነው፣ በግድ ማጉረስ ትን ሊያስብለው ይችላል። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ ይበቃል። ይሄን የነገራቸው ስለሌለ ብቻ "በረሃብ ገደልነው" እያሉ ለዓመታት ራሳቸውን የሚበሉ ቤተሰቦች አሉ እኮ። ከዚህ በፊት ያስታመመ አንድ ጎረቤት መጥቶ ቢነግራቸው ምን ያህል ይቀልላቸው ነበር።

ከቀብር በኋላ ደግሞ "የምትፈልገው ነገር ካለ ደውል" የሚባል ነገር አለ። ሀዘንተኛ አይደውልም! የሚፈልገውንም አያውቀውም። "ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣቸዋለሁ" ወይ "ነገ ባንክ አብረን እንሂድ" ሲባል ግን እሺ ይላል። የሟቹንም ስም አንሱ፣ ሀዘንተኛውን እናስታውሰዋለን ብለን እንፈራለን እንጂ እሱ መች ረስቶት ያውቃል? አምስቱ የሀዘን ደረጃዎች (መካድ፣ ንዴት፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል) እያሉ የሰውን ለቅሶ የሚለኩም አሉ፣ የአእምሮ ሐኪሟ ኩብለር ሮስ በፈረንጆቹ 1969 ስትጽፈው እኮ ለመሞት የተቃረቡ በሽተኞችን አነጋግራ ነው፣ ሀዘንተኛው በተራ የሚያልፈው ፈተና አይደለም። በርግጥ ስድስት ወር አልፎትም ሀዘኑ ስራና ኑሮ የከለከለው ሰው ካለ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል፣ እሱን ልብ ብሎ የሚያየው ግን እስከዛ ድረስ መመላለሱን ያልተወ ሰው ነው።

እና እባካችሁ አንድ ፓሊየቲቭ ኬር የምትሰራ ነርስ ጋብዛችሁ ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት በደንብ ጠይቁልን፣ በተለይ ሞርፊን ስለሚባለው ጠንካራ የህመም ማስታገሻ፣ ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ስለሚደነግጥ።

አንባቢያችሁ