ሳይክል ልትገዢ ስትሄጂ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሳይክል ልትገዢ እንደሆነ ወንድምሽ ነገረኝ፣ ደስ ብሎኛል። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ፖሊ ግቢ ለመመላለስ ከሳይክል የሚሻል የለም። ግን አደራ፣ በቀለም እንዳትመርጪ።

ሱቅ ስትገቢ መጀመሪያ የላይኛውን ብረት በእግሮችሽ መሀል አድርገሽ ቁሚ። ሁለቱም ተረከዝሽ መሬት ነክቶ ከብረቱ በላይ ሁለት ሦስት ጣት ካልተረፈ ትልቅሽ ነው፣ ተይው። አንቺ ቀሚስ ስለምታዘወትሪ እንዲያውም ብረቱ ወደ ታች ዝቅ ያለው፣ የሴት የሚሉት ይሻልሻል። ካቴናው ሽፋን ይኑረው፣ ጨርቅ ይበላል።

ከዚያ ባለሱቁ ሳይክሉን ይያዝልሽና ኮርቻው ላይ ውጪ። ተረከዝሽን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ስታሳርፊ እግርሽ ቀጥ ይበል። በፊተኛው የእግርሽ ክፍል ስትረግጪው ደግሞ ጉልበትሽ ትንሽ ይታጠፋል፣ ልኩ ይሄ ነው። ኮርቻውን አለቅጥ ዝቅ አድርጎ የሚነዳ ሰው ማታ ጉልበቴን ማለቱ አይቀርም። ከፍ ስታስደርጊው ግን ዘንጉ ላይ የተሰመረው ምልክት ብቅ እንዳይል፤ ከዚያ ካለፈ ሊሰበር ይችላል። በጣም ለስላሳ ኮርቻም አያታልልሽ፣ ሱቅ ውስጥ ይመችና መንገድ ላይ ታፋ ይልጣል።

ከሁሉም በላይ የምፈራልሽ መሪው ላይ ነው። ስትይዢው ክርንሽ ትንሽ ይታጠፍ፣ ትከሻሽም አይወጠር። ተንጠራርተሽ የምትደርሺበት ከሆነ ባለሱቁ «ኮርቻውን ዝቅ አደርግልሻለሁ፣ ደግሞ ትለምጂዋለሽ» ይልሻል። ኮርቻው ዝቅ ቢል እግርሽ መሬት ይደርሳል እንጂ የሳይክሉ ርዝመት አያጥርም። ወገብና አንገት ደግሞ እንዲህ ያለውን አይለምዱም፣ በየቀኑ ነው የሚያምሽ። ይሉኝታ አይያዝሽ። አነስ ያለ እንዲያወጣልሽ ጠይቂው፣ ከሌለው ሌላ ሱቅ አለ።

ሳትነጂው ብር እንዳትከፍይ። ዞር ዞር በይበት፣ ፍሬኑን የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ ሞክሪ፣ እጀታው ጣቶችሽ በቀላሉ የሚደርሱበት ይሁን። በክረምት ቸርኬው ሲርስ ፍሬን ቶሎ አይዝም፣ ደረቅ ላይ የሚለግም ዝናብ ላይ ጭራሽ አይዝም።

ያገለገለም ቢሆን ልክሽ ከሆነ ግዢው፣ ትልቅሽ ከሆነ አዲስ ይልቅ እኔ በበኩሌ እሱን እመርጥልሻለሁ። ጎማውን አንስተሽ አሽከርክሪው፣ ከተወላገደ ያስተካክልልሽ። ብር ካነሰሽ ቅዳሜ ሳይደርስ ደውይልኝ፣ እልክልሻለሁ።

አባትሽ