የእቴቴ እሬት ወለደ

ድሬ ዳዋ፣ ኅዳር 2018

እህት ዓለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ? እንዲህ ብዬ ስጀምር ትናንት የተለያየን ይመስላል፤ ስድስት ዓመት እንዳለፈ አልጠፋኝም። የሚያሳፍረኝን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ለእናትሽ ለእቴቴ ለቅሶ አልደረስኩም።

ነሐሴ 2011 ላይ ድሬ እንዴት እንደነበረች ሰምተሻል፤ ቺኩንጉንያው፣ ያ በትንኝ የሚተላለፈው መገጣጠሚያ የሚይዝ በሽታ፣ ቤት አልመረጠም። መርዶው ሲመጣ አልጋ ላይ ነበርኩ። ጣቶቼ አብጠው ብርጭቆ መያዝ አቅቶኛል፤ ሽንት ቤት የምሄደው ግድግዳ ተደግፌ ነው። ሲሻለኝ እደውላለሁ አልኩ። ሲሻለኝ አርባዋ ወጥቷል። ከአርባ በኋላ ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» ማለት ከመቅረቱ የባሰ መሰለኝ። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ይብሱን አፈርኩ። እንዲህ እንዲህ ሲል ስድስት ዓመት። ብትቀየሚኝ እውነት አለሽ፤ አልከራከርም።

አሁን ግን የእቴቴ እሬት ወለደ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከከዚራ ሰፈሩ ቤታችሁ ዕቃ ስትጭኑ በረንዳው ላይ ትታልኝ የሄደችውን ታስታውሽዋለሽ? በወተት ዱቄት ጣሳ የተተከለው፣ ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ በዘይት የተወለወለ የሚመስለው። ወንድምሽን ጡት ያስጣለችበት። (እስከ ዛሬ እሬት ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል?) እኛ «እሬት» ብለን አልፈነው እንጂ ለካ የራሱ ስም አለው፤ አሎ ሐርላና ይባላል። በፈረንጆቹ 1957 ሬይኖልድስ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው ያወጣለት። ሰውየው እንጀራው የዓይን መነጽር ነበር፤ እሬት ፍለጋ ግን አፍሪካን ዞሯታል። ስሙም ከሐርላ የመጣ ነው፤ ልጆች ሳለን ግዙፎች ይኖሩበት ነበር እየተባልን ከምንፈራው፣ በደንገጎ መንገድ ካለው መንደር።

ሌላኛውን ወላጅ ያገኘሁት ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ነው። ዶዘር መንገድ ሲጠርግ ገልብጦት፣ ሥሩ ወደ ሰማይ ሆኖ ፀሐይ ሲያቃጥለው ደረስኩ። የሜዳ እሬት ነው፣ ማክሎክሊኒ የሚሉት። ቅጠሉ ላይ ረዘም ረዘም ያለ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ሩዝ የተበተነበት ይመስላል። ሁለቱን ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው፣ የእቴቴ ጥቁር ቅጠል ይህን ነጠብጣብ ቢለብስ ብዬ አሰብኩ። ከጎመን በቀር ተክላ የማታውቅ ሴት እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየት እንደመጣባት አትጠይቂኝ። በሽታው ትቶኝ የሄደው የመገጣጠሚያ ሕመም ሌሊት አያስተኛኝም ነበር፤ ሰው ካልተኛ ደግሞ ብዙ ያስባል።

የእሬት አበባ ከታች ወደ ላይ ነው የሚፈነዳው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። አበባዋ ስትከፈት ቀድመው ብቅ የሚሉት ወንዴዎቹ ናቸው፣ ዱቄታቸውን ይዘው። እነሱ ጠውልገው፣ በማግስቱ ወይ በሠልስቱ ሴቴዋ ትወጣና ጫፏ ላይ እንደ ጠል ያለ ነገር ትቋጥራለች። ዱቄት የምትቀበለው ያን ጊዜ ነው። የገዛ ራሱን ዱቄት ብትቀቢው ግን አያፈራም። አማራ ሰባት ቤት ቆጥሮ እንደሚጋባ፣ እሬትም ከራሱ ጋር አይጋባም።

የኔዎቹ አንድ ላይ አላበቡልኝም፤ የሜዳው ቀደመ። ስለዚህ ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጨምሬ፣ በብልቃጥ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ ከበርበሬው ጎን አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት ቆየ። ባለቤቴ እርድ መስሎት አልጫ ላይ ሊነሰንስ ሲል ነው የደረስኩበት። የእቴቴው ሲያብብ የኩል ማንሻ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ ማለዳ ማለዳ ቀባሁ፤ የቀባሁትን በቀይ ክር አሰርኩ። ያቺ ቆልማማ ምንቃር ያላት አበባ መጣጭ ወፍና ንቦቹ ሌላ ዱቄት እንዳያመጡብኝ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ምን እንዳለበስኩት ገምቺ፤ የሠርጌን ዓይነ ርግብ! አዎ፣ አንቺ ሚዜ ሆነሽ አቧራ እንዳይነካው ከኋላ የያዝሽልኝን። ቆርጬ አበባው ላይ አሰርኩት። ጎረቤቴ አዴ በአጥር አሻግራ አይታ፣ «አቦ፣ እሬት ልትድሪ ነው?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ልፋቴ ግን ከንቱ ቀረ። ፍሬው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ቡናማ ሲሆን ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ዘሩ እንደ ወረቀት የሳሳ ክንፍ አለው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል መሳል አለብኝ ብዬ ሄድኩ፣ ዓይነ ርግቡንም ፍሬው ከያዘ ወዲያ ምን ያደርጋል ብዬ ፈትቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ፍሬው ሁሉ አፉን ከፍቶ ባዶውን ቆሟል። የድሬን ነፋስ ታውቂዋለሽ። ጣሳው ሥር ተንበርክኬ በእጄ ስዳብስ ሦስት ዘር አገኘሁ፣ ሦስቱም ገለባ።

በ2013 ደገምኩት። በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዱን ፍሬ በልጄ አሮጌ ካልሲ አሰርኩት፤ ግቢው የልብስ ማስጫ መሰለ። አርባ ሦስት ዘር ለቀምኩ። ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ አምጥቼ፣ ነፍቼ፣ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ ዘራሁ፤ ከአሥር ቀን በኋላ እንደ ሣር ቀጫጭን ሆነው መብቀል ጀመሩ። ግማሾቹን በደግነቴ ነው የገደልኳቸው፤ ጠዋትና ማታ ሳጠጣ ሥራቸው ቀልጦ ተኙ። የቧንቧችን ውሃም ጀበና ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ጣሳዎቹ ላይ ጋገረ። ከዚያ ወዲያ የዝናብ ውሃ በበርሜል ማጠራቀም ጀመርኩ። አሥራ አንድ ተረፉልኝ።

ያሳሳተኝን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንዱም ነጠብጣብ ነበራቸው! ተሳካልኝ ብዬ ጨፈርኩ። ለካ ብዙ እሬት ሕፃን ሳለ ነጠብጣብ አለው፤ ሲያድግ ይተወዋል። በሦስተኛው ዓመት ሰባቱ አጥበው ጣሉት። ሦስቱ ነጠብጣቡን ይዘው ቀሩ፣ ቅጠላቸው ግን ገርጥቶ የታመመ ይመስላል። አንዷ ብቻ፣ ከበርሜሉ ጀርባ ረስቻት የነበረችው፣ የእቴቴን ጥቁር ወዝ ከነሩዙ ለበሰች። ጥቅምት 2017 አበባ ሰደደች። ውጪዋ እንደ በሰለ ብርቱካን፣ አፏ ቢጫ። ያን ቀን ነው ስልክሽን ያወጣሁት፤ ሳልደውል መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጭንቀት። ዘሯን ብዘራው ልጆቿ እሷን አይመስሉም፣ አንዱ ወደ ሴት አያቱ አንዱ ወደ ወንድ አያቱ ይጎትታል። እንደ ራሷ የምትገኘው ከሥሯ በሚወጣ ልጅ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ እንደ እናቷ ብቸኛ ናት፣ ከጎኗ ልጅ አታወጣም። መድኃኒቱ የመሐል እንቡጧን ቆርጦ ማውጣት ነው፤ አናቷ ሲቆረጥ ከጎን ትወልዳለች፣ ወይም ትበሰብሳለች። በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ያለችን ነገር! ጥር ላይ፣ ደረቁን ወራት ጠብቄ፣ ቢላዋ በእሳት አግዬ መሐሏን ፈልፍዬ አወጣሁ። ያ ቢጫ ፈሳሽ እጄ ላይ ሲወርድ ባለቤቴ ዞር ብሎ ቆመ። ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነስኩ። ሦስት ወር ምንም የለም። ከፋሲካ በኋላ በቅጠሎቹ ብብት ሥር አራት ጥፍር የሚያካክሉ ጫፎች ብቅ አሉ። አንዱ ሞተ፤ ሦስቱ አሉ።

ልጄ ስልኩን ከፍቶ የእፅዋት አዳቃዮች መብት የሚል አዋጅ አነበበልኝ። አዲስ፣ ከሌላው የሚለይ፣ አንድ ወጥና የማይለዋወጥ ዝርያ ላወጣ ሰው መብት ይሰጣል። አንድ ወጥ ለመባል መጀመሪያ በዛ ማለት አለበት አልኩት። ውጭ እንሽጠው ይላል ደግሞ፤ አሎ ቬራ ከሚባለው በቀር እሬት ድንበር የሚሻገረው በዓለም አቀፍ ስምምነት ፈቃድ ተጠይቆ እንደሆነ ስነግረው ስልኩን ይዞ ወጣ።

ስም አላወጣሁላትም። በእቴቴ ስም ልጠራት አሰብኩና ሳቄ መጣ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ለእሬት ስም ልሁን?» ስትለኝ ድምፅዋ ተሰማኝ። ልጆቹ «ዲቃላዋ» ይሏታል፤ ያንንም እናትሽ ፊት አልለውም።

ከሦስቱ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። አንዱን አዴ ወሰደችው፤ «የመቃብር ተክል በር ላይ አይተከልም» እያለች ስትቆጣኝ የከረመችው እሷው በሯ ላይ ተክላዋለች። ሦስተኛው ያንቺ ነው። የእህቴ ልጅ ለገና ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ሥሩን አራግፌ በጋዜጣ ጠቅልዬ አስይዘዋለሁ፣ ደርቋል ብለሽ እንዳትደነግጪ። አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ትከዪውና ለሳምንት ጠብታ ውሃ አታሳዪው። ሰኔ ሲገባ ከጣራ ክፈፍ ሥር አስጠጊው፤ ያንተ ያለህ የሚያሰኘው የአዲስ አበባ ክረምት ነው የሚገድለው። የእቴቴ ጣሳ ታቹ ዝጎ ወልቋል፣ ግን አልጣልኩትም። ከፈለግሽው አብሬ እልካለሁ።

እህትሽ