እንጨት ቤት ልትከፍት ነው አሉ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላም ነው? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቧን እያወረደችው ነው። ይደውላል ስትል፣ ይደውላል ስል፣ ይኸው እንዲህ ተጠፋፋን። መደወሉ ይቀል ነበር፤ ግን የያዝኩት ወሬ በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

ከአንተ ዘንድ የመጣ ሰው ነው የነገረኝ። ሐዋሳ ላይ እንጨት ቤት ልትከፍት ቤት ተከራይተሃል አሉ። እንኳን ደስ አለህ! ቀጥሎ የሰማሁት ግን አላማረኝም። «ለጊዜው አንድ ግራይንደር ሁሉን ይሠራልኛል» ብለሃል አሉ፤ ያችን ዲስክ እያዞረች ብረት የምትፍቀውንና የምትቆርጠውን የእጅ ማሽን። ውሸት ከሆነ ወሬኛውን ተወው። እውነት ከሆነ ግን አረፍ ብለህ አንብበኝ።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገርህ። የጅማን በርጩማ ታውቀዋለህ። ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፤ እግሩ አይቀጠልም። ዋንዛውን በመጥረቢያ ትጠርባለህ፣ መቀመጫውን በመሮ ትቦረቡራለህ። አድካሚ ነው። አሁን ወጣቶቹ መላ አገኙ። የግራይንደሩን መከላከያ ይፈቱና በዲስኩ ቦታ ጥርስ ያለው የእንጨት መጋዝ ይገጥማሉ። ይፈጥናል፤ እሱን አልክድም። የግማሽ ቀኑ ሥራ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ያልቃል።

እኛ ጋ የሚሠራው ልጅም እንደዚያ እያደረገ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እጁ ሥራ ያውቃል። በቀኙ ማሽኑን፣ በግራው በርጩማውን ይዟል። ዋንዛው ውስጥ ጉጥ ነበረበት። መጋዙ ጉጡን ነከሰ፣ እንጨቱ አልለቅ አለው፣ ማሽኑ ዘለለ። ስንዞር ልጁ ግራ እጁን እያየ ቆሟል። አልጮኸም። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ተከፍቶ አጥንቱ ይታያል። ሽማግሌው አናጢያችን ንጹሕ ፎጣ አጣጥፈው ቁስሉ ላይ ተጫኑት፣ ክንዱንም ከፍ አድርገው ያዙለት። አንዱ ቁስሉ ላይ ሊነሰንስ የቡና ዱቄት ይዞ መጣ። ሽማግሌው የዛን ቀን እንደተቆጡት ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። ተሰፋ፣ ዳነ። ሌባ ጣቱ ግን አይታጠፍም። ዛሬ ቫርኒሽ ይቀባል፤ መሮ አይጨብጥም።

ሰው ሁሉ «አልተጠነቀቀም» አለው። እኔ አልስማማም። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ያ ማሽን ለዚያ ሥራ አልተሠራም። ግራይንደር ብረት እየፋቀ ይሄዳል እንጂ አይነክስም። ጥርስ ያለው መጋዝ ግን ይነክሳል። የነከሰው ካልለቀቀለት ኃይሉ ሁሉ የሚመለሰው ወደ ያዘው ሰው ነው። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ትዞራለች። ብታጠፋት እንኳ ወዲያው አትቆምም። የትኛው እጅ ነው የሚቀድማት?

ብረት ቤቶቹ ደግሞ የራሳቸው ጉድ አላቸው። ትልቁ 230 ሚሊሜትር ዲስክ ሲያልቅ መጣል ይከብዳቸዋል። ትንሿ ግራይንደር ላይ ይገጥሙታል፤ አልገባ ሲል መከላከያው ይነሳል። አንዳንዱማ አዲሱንም ይሞክራል። ያ ዲስክ የሚችለው በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት እንኳ ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አዲሱን ወስደህ 11,000 ብታዞረው ይበታተናል። ስብርባሪው ፊትህን ይምረጥ ደረትህን፣ እድል ነው። ለዚህ ነው መከላከያው የተሠራው። ለጌጥ አይደለም።

የዲስክ ነገር ከተነሳ፣ መሃሉ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት አንብባት። የማብቂያ ጊዜው ተጽፎባታል፤ ብዙ ጊዜ ከተመረተ ሦስት ዓመት ነው። የሚያነባት ሰው እዚህ አላየሁም። ዲስኩን ያያያዘው ሙጫ እርጥበት ይጠጣል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ጅማ ላይ ሲሚንቶ መሬት ላይ የከረመ ዲስክ ምን እንደሚሆን አስበው። ደረቅ መደርደሪያ ላይ በጀርባው አስተኝተህ አስቀምጠው።

አሁን ደግሞ የመብራት ነገር። ይሄ ከሁሉ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ነው። ጎረቤት እንጨት ቤት ውስጥ ሰርኩላሩ፣ ያ ክብ መጋዝ ያለው የጣውላ መሰንጠቂያ ማሽን፣ እየሠራ መብራት ጠፋ። ሰውዬው ጊዜ አላባክንም ብሎ መጋዙን ሊቀይር ጀመረ። ማብሪያውን አላጠፋውም፤ ሶኬቱንም አልነቀለውም። ቺያቤውን፣ የብሎን መፍቻውን ማለቴ ነው፣ ብሎኑ ላይ እንደገጠመው መብራት መጣ። ቺያቤው ተወርውሮ የግድግዳውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። ቀዳዳው እስካሁን አለ፤ የመጣ ሰው ሁሉ ጣቱን ይሰድበታል። ሰውዬው ለጥቂት ተረፈ። መላው ቀላል ነው። ሰርኩላርህ ላይ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ አስገጥም። መብራት ሲጠፋ ራሱ ይለቃል፤ ሲመለስ አንተ ካልተጫንከው አይነሳም። ቢሆንም መጋዙን ስትነካ ሶኬቱን ንቀል። እኔ የነቀልኩትን ሶኬት ዓይኔ ሥር አስቀምጠዋለሁ።

ጓንትስ ትለኛለህ። ይሄ ሁሌ ያጨቃጭቀናል። ሻካራ ጣውላ ስትሸከም አድርግ። ድሪል፣ ቶርኖ (እያዞረ የሚቀርጸው ማሽን) እና ሰርኩላር ላይ ግን አውልቅ። የሚዞር ነገር ጓንቱን ከያዘ እጅህንም ይዞ ነው የሚሄደው። ስካርፍ፣ ቀለበት፣ የተንዘላዘለ እጅጌም ያው ነው። መነጽር ግን ሁልጊዜ፤ የፀሐይ መነጽር አይቆጠርም። ዓይን ውስጥ የተሰካ ብረት ካለ አታሽ፣ አትንካው። «በነጠላ ጫፍ ላውጣልህ» የሚል አይጠፋም፤ አታስነካው። ሳትጫነው ሸፍነህ ሐኪም ጋ ሂድ። ብናኙንም አትናቀው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ በተለይ ለአፍንጫ።

ክፉ አይንካህ እንጂ፣ ጣት ከተቆረጠ ይህን እወቅ። ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው፣ ፌስታል ውስጥ ከተህ እሰረው። ፌስታሉን በረዶ ያለበት ውሃ ላይ አድርገህ ከሰውዬው ጋር ላከው። በረዶው ራሱን ጣቱን እንዳይነካው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል እንደምትል አውቃለሁ። ግዴለህም፣ በጥቂቱ ጀምር። መጥረቢያ፣ መሮ፣ መላጊያና ጥሩ መጋዝ ይዘህ ግባ፤ እንጨቱን ጠፍሮ የሚይዝልህ ሞርሳም አይቅር። ግን ስላቸው። የደነዘዘ መሮ ሲገፉት አልሄድ ብሎ ድንገት ነው የሚስተው፤ የሚያርፈውም የያዘው እጅ ላይ ነው። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አብረን አይተነዋል። ያ ሁሉ እንጨት ሲሠራ ግራይንደር የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ስትደረጅ ሰርኩላር ግዛ፣ መከላከያውና ከመጋዙ ኋላ የምትቆመው ብረት ያልተነቀለበትን። «ረከሰልኝ» ብለህ የተጎማመደ እንዳታመጣ። ቁራጭ ስታስገባ በጣትህ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ግፋ። እሱን ራስህ ሠርተህ ማሽኑ ላይ ስቀለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው አለ። መነጽርና አንድ በርጩማ እልክልሃለሁ። በርጩማው በመሮ የተሠራ ነው፤ ገልብጠህ እየው።

የቤቱን ርዝመትና ወርድ ጻፍልኝ። በሩ በየት በኩል እንደሆነም ንገረኝ። ሰርኩላሩ ከፊቱም ከኋላውም የረጅሙን ጣውላ ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ የት እንደሚቆም ከዚህ ሆኜ ልንደፍልህ። እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከጅማ