ከዘንዶው ወገን ሆኛለሁ አባባ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? መድኃኒቱን ማታ ማታ እንደማትረሳ እማማ ነግራኛለች፤ እሷ ስለ አንተ ከምትነግረኝ ግን የማምነው ግማሹን ነው። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱም ያው ብርድ ነው።

ባለፈው በስልክ «ለንደን እንዴት ናት?» አልከኝ። ለንደን አይደለሁም ብዬህ ስንት ጊዜዬ! ሬክሳም ነኝ፣ ዌልስ ውስጥ። ሥራዬ ግን ቼስተር ነው፣ እንግሊዝ። ጠዋት በአውቶቡስ ድንበር እሻገራለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ድንበር ስልህ ደግሞ ሞያሌን እንዳታስብ። ኬላ የለም፣ ፈታሽ የለም። መንገድ ዳር ቀይ ዘንዶ የተሳለበት ታፔላ አለ፣ «ክሮይሶ ኢ ገምሪ» ይላል፣ እንኳን ወደ ዌልስ በደህና መጣችሁ ማለት ነው። ትንሽ አለፍ ስትል አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም «አራቭ» ተጽፎ ታያለህ፤ በነሱ ቋንቋ ቀስ በል ነው። በቃ ድንበሩ ይሄው ነው። ከከተማ ከተማ ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ኳስ ሲነሳ ግን ያ ታፔላ ግንብ ይሆናል።

የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ካንተ በጥቂት ዓመት ቢበልጡ ነው፣ የለየላቸው የቼስተር ደጋፊ። የመጀመሪያ ቀን ሻይ ሳቀርብላቸው የት እንደምኖር ጠየቁኝ፣ ሬክሳም አልኳቸው። ሲኒውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉና «እንግዲያው አንቺ ቅመሺልኝ» አሉ። ቀመስኩላቸው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ምክንያቱም ፊቴ የመጣኸው አንተ ነህ፦ እኚያ የቡና ክለብ ደጋፊ ጎረቤታችን ቡና ጠጣ ብለው ሲጠሩህ «የቡናን ሰው ቡና አልጠጣም» እያልክ ትሄድና፣ በረካው ሳይቀዳልህ የማትነሳው።

የዚህን አገር የኳስ ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዌልስ የራሷ ፌዴሬሽንና ብሔራዊ ቡድን አላት፤ ትልልቆቹ ክለቦቿ ግን፣ ሬክሳምም ካርዲፍም ስዋንዚም ኒውፖርትም፣ የሚጫወቱት በእንግሊዝ ሊግ ነው። ካርዲፍማ በ1927 (በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) አርሰናልን 1 ለ 0 ረቶ የእንግሊዞቹን ኤፍኤ ካፕ ይዞባቸው ሄዷል። ከእንግሊዝ ውጭ ያለ ክለብ ያንን ዋንጫ የወሰደው ያኔ ብቻ ነው። ይሄን ስነግራቸው ሽማግሌው ዝም ብለው የሚሰሙኝ መሰለህ? ቼስተርም የዌልስን ዋንጫ ሦስት ጊዜ ወስዷል፤ ያኔ ድንበር አጠገብ ያሉ የእንግሊዝ ክለቦችም በዌልስ ዋንጫ ይወዳደሩ ነበር። ሦስቱንም ዓመተ ምሕረት በቃላቸው ያውቁታል። ቁርስ መብላታቸውን ግን ይረሳሉ።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ቀልድ እንዳይመስልህ። የቼስተር ስታዲየም ድንበሩ ላይ ነው የተሠራው። መግቢያውና ቢሮው እንግሊዝ፣ ሜዳው ዌልስ! በራስህ በር ገብተህ ሳሎንህን ሌላ ቀበሌ ስታገኘው ማለት ነው። ኮሮና እስኪመጣ መሳቂያ ብቻ ነበር። በ2021 መጨረሻ ላይ ዌልስ ከ50 በላይ ተመልካች ሜዳ እንዳይገባ ከለከለች፣ እንግሊዝ አልከለከለችም። ቼስተር እኔ የእንግሊዝ ክለብ ነኝ ብሎ ከ2000 በላይ ሰው እያስገባ ሁለት ጨዋታ ተጫወተ። ወዲያው ከዌልስ ፖሊስና ከወረዳው ምክር ቤት ሕግ ጥሰሃል የሚል ደብዳቤ መጣበት። ሬክሳም ሰፈር ውስጥ ያን ሰሞን ያልሳቀ ሰው አላየሁም። የኔ ቢጤዋ መጤ እንኳ ሥራ ስገባ «እንኳን ወደ ዌልስ በደህና መጣችሁ» እያልኩ ሽማግሌውን አበሽቃቸው ነበር።

ሁሉም ነገር ግን መበሻሸቅ ብቻ አይደለም። የቼስተርና የሬክሳም ደርቢ ድብድብም ነበረው። ፖሊስ ፈርቶ፣ እንግዳው ደጋፊ በተመደበለት አውቶቡስ ታጅቦ ብቻ እንዲመጣና በዚያው እንዲመለስ ያደርግ ነበር። ሃያ ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ! ዌልሶችን በበግ የሚሰድቡበት ዘፈንም አለ፣ ላንተ የማልጽፈው። ይሄኛውን አልወደውም፣ ልውደደውም ብል አልችልም።

አውቶቡሳችን ግሬስፎርድ በምትባል መንደር በኩል ያልፋል። እዚያ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነበር። መስከረም 1934 ላይ ከምድር በታች ፈንድቶ 266 ሰው ሞተ። ቅዳሜ ሌሊት ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሌሊቱን ፈረቃ የገቡት ከሰዓት በኋላ ሬክሳም ስለሚጫወት፣ ኳሱ እንዳያመልጣቸው ብለው ነበር። አብዛኛዎቹ ዛሬም እዚያው ከመሬት በታች ናቸው። ከማውጫው የቀረ ትልቅ መንኮራኩር መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። መስከረም በገባ ቁጥር ሽማግሌው ስለ ሬክሳም አንድ ቀልድ አይወጣቸውም። ወሩ ሲያልቅ ይጀምራሉ።

አሁን እንግዲህ ደርቢው የለም። ቼስተር በ2010 ከስሮ ፈረሰ፣ ደጋፊዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ከታች ጀምረው አዲስ ክለብ አቋቋሙ። እንደገና ከሬክሳም ጋር ለመገናኘት በቃ፣ በ2018 ተመልሶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በሊግ አልተያዩም። ሬክሳምን ደግሞ በ2021 ሁለት የፊልም ተዋናዮች፣ ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማኬልሄኒ ገዙት። 2023፣ 2024፣ 2025፣ በሦስት ተከታታይ ዓመት ሦስት ጊዜ አድጎ ሻምፒዮንሺፕ፣ ከላይ ሁለተኛው እርከን ገባ። በእንግሊዝ ላይኞቹ አምስት እርከኖች ውስጥ እንዲህ ያደረገ ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም። ከተማው በአሜሪካ ቱሪስት ተጥለቅልቋል። ቼስተር ስድስተኛው እርከን ላይ ነው።

ያደግን ቀን ሽማግሌው ያኮርፋሉ ብዬ ነበር። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው «እናንተስ ሄዳችሁ፣ እኛ ከማን ጋር እንጣላ?» አሉኝ። ያን ቀን ሻዩን ቅመሺልኝም አላሉኝ።

ይሄን ሁሉ የማወራልህ ወድጄ አይደለም አባባ። ጎረቤታችን ካረፉ ወዲህ ኳስ ማየት መተውህን እማማ ነግራኛለች። በፊት እኮ ቡና ቢሸነፍ በማግስቱ በአጥሩ ላይ አንገትህን አስግገህ «እንዴት አደሩ?» የምትል ሰውዬ ነበርክ! ስታዲየሙ ሚስማር ተራ ትከሻህ ላይ አስቀምጠኸኝ ዝናብ የደበደበን ቀን ትዝ ይልሃል? እሳቸው ከኋላችን ሆነው ጃንጥላቸውን በኔ ላይ ዘርግተው አንተን እየሰደቡ።

አንድ የምናዘዘው ነገር ደግሞ አለ። እዚህ የእንግሊዝ ጠባቂ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ ባንዲራቸውም የሱ መስቀል ነው። የዌልስ ምልክት ዘንዶው ነው። ሬክሳሞችን ቀይ ዘንዶዎቹ ይሏቸዋል። እንግዲህ ዕድሜህን ሙሉ ጊዮርጊስ እያልክ ጉሮሮህን የዘጋኸው ሰውዬ ልጅህ የዘንዶው ደጋፊ ሆናልሃለች። እማማ ይሄን ለንስሐ አባቷ እንዳታወራ አደራ። ለሽማግሌው የክለብህን ስም ብነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡና «አባትሽ የኛ ሰው ነው፣ ሰላም በይልኝ» አሉ። ሰላም ብለውሃል።

የጎረቤታችን ልጅ ደውሎልኝ ነበር። የሸገር ደርቢ ሲደርስ ቴሌቪዥን አብረን እንይ ብሎ መጥቶ፣ ራሴን አሞኛል ብለህ እንደመለስከው ነገረኝ። በሚቀጥለውም እመጣለሁ ብሏል። አስገባው። የአባቱን ቡናማና ቢጫ ስካርፕ አድርጎ ነው የሚመጣው፤ እሱን ከፈለግክ በር ላይ አስወልቀው።

ልጅህ
ከሬክሳም