ነርስ ከመሆኔ በፊት ስፌት ላይ ነበርኩ

ሰላም አዘጋጅ፣ ነርሲንግ ለመማር ቀድሞ ክሊኒክ ወይ ፋርማሲ መስራት አለብህ የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። እኔ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ 2 አመት ልብስ ስሰፋ ቆይቼ ነው ደሴ ነርሲንግ የገባሁት፣ ወገቤን ቢበላኝም ሺፍት ለምጄ ስለነበር ናይት ዱቲ ብዙም አልከበደኝም (የደሴ ብርድ ግን ሌላ ነገር ነው)። የክፍሌ ልጅ ደሞ ፒያሳ አስተናጋጅ ነበረች፣ የስድስት ሰው ትዛዝ ሳትፅፍ ትይዝ ስለነበር ዋርድ ላይ የቱ አልጋ ምን እንደጠየቀ አትረሳም፣ የተናደደ አስታማሚ ማብረድማ ለሷ ቀላል ነው፣ ያንን ከማንም መፅሃፍ አላገኘችውም። አንዴ ስራ ልቀጠር ስሄድ ጠያቂው "ስፌትና ነርስነት ምን አገናኘው" ብሎ ሳቀብኝ፣ ዛሬ ቁስል ስሰፋ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ መጥቶ ይይ።

ከኮምቦልቻ አንዷ አንባቢ