ለቻይናዎቹ አክሮባቶችና ከመድረክ ጀርባ ለነበራችሁ ሁሉ፦ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምስጋና መልእክት የምጽፈው በሰፈራችን የሰርከስ ልጆችና በወላጆቻቸው ስም ነው። እኔ አሠልጣኛቸው ነኝ። ልጆቹ ራሳቸው ቢጽፉት ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን የቻይና አክሮባት ቡድኑን ትርኢት ካዩ ወዲህ ቁጭ የሚል ልጅ ጠፍቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋናዬ ለአንድ የቀድሞ ልጃችን ይድረስ። ስሜን እንዳትጠራ ብሎ አስምሎኛል። እኛው ጋ ሣር ላይ ሲገለባበጥ አድጎ፣ ዕድል ቀንቶት ወደ ቻይና፣ ሄቤይ ክፍለ ሀገር፣ ውቺያው ለሥልጠና ሄደ። ውቺያው የአክሮባት መፍለቂያ የምትባል ወረዳ ናት። እዚያ ያለው የአክሮባት ትምህርት ቤት ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚሄዱ ወጣቶችንም ያስተምራል፤ በስሟ የሚጠራውና እ.ኤ.አ. በ1987 በሺጂያጅዋንግ ከተማ የተጀመረው የሰርከስ ፌስቲቫልም ለአሸናፊዎቹ የሚሸልመው የወርቅ አንበሳ ነው። ልጃችን ቋንቋውንም ሙያውንም ይዞ ተመልሷልና ቡድኑ አዲስ አበባ ሲመጣ አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። ገና ሻንጣቸውን ሳያወርዱ "የመጀመሪያው አሠልጣኜ ብዙ ልጆች አሉት፤ መግቢያ መግዣ ግን የለውም" ብሎ ነግሯቸው ጠበቀን።

ቡድኑ መግቢያ ሰጥቶን ብቻ ቢሆን ኖሮ አመስግነን በተቀመጥን ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚያደርጉትን ልምምድ ጭምር ቁጭ ብለን እንድናይ ፈቀዱልን። ለእኔ ትልቁ ውለታ ይኸኛው ነው። ትርኢቱንማ ዛሬ በስልክም ያዩታል፤ ልምምዱን ግን ለባዕድ የሚያሳይ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ወንበር በወንበር ላይ እየደረደረች የምትወጣዋን ወጣት ማታ የገባችሁ ሁሉ አይታችኋታል። ጠረጴዛ ላይ አራት ጠርሙስ ይቆማል፤ የመጀመሪያው ወንበር አራት እግሮች በጠርሙሶቹ አፍ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ በላይ ሌላ ወንበር፣ በዚያም ላይ ሌላ፣ መጨረሻ ላይ እሷ ጫፉ ላይ በአንድ እጇ ትቆማለች። ያላያችሁት ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው። ጠርሙሶቹን ራሷ፣ በራሷ ጨርቅ፣ አንድ በአንድ ትወለውል ነበር። ከአዳራሹ ሠራተኞች አንዱ ሊያግዛት እጁን ቢዘረጋ ፈገግ ብላ ጠርሙሱን ወደ ደረቷ ሳበችው። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ወንበር እግር በመዳፏ እየተጫነች ፈተሸች። የደህንነት ገመዷን የያዙት ጎልማሳ ደግሞ እሷ ከላይ እስክትወርድ ድረስ ዓይናቸውን ከወገቧ አልነቀሉም። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ደጋግሞ ጮኸ፤ አላነሱም። ልጆቼን "ልጅቷን ተዉአትና እሳቸውን እዩ" አልኳቸው። ለእኚህ ሰው፣ ጭብጨባው ለማይደርሳቸው፣ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣለን።

ስለ ማታው ትርኢት በአጭሩ ልለፈው። በቀጭን ዘንግ ላይ የሚሽከረከረው ሳህን፣ በእግር የሚወረወረው እንስራ፣ በአንድ ለምድ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ የሚዘልለው አንበሳ፣ ሁሉም ያማረ ነበር። እውነቱን ለመናገር የአስማቱ ክፍል ረዝሟል፤ ሙዚቃውም ጆሮ ይበሳ ነበር። ኢካሪያን ሲያቀርቡ ማለትም አንዱ በጀርባው ተኝቶ ሌላውን ሰው በእግሩ ሲያጉን፣ የእኛ ረድፍ እጁን አጣጥፎ እንደ ዳኛ ነው ያየው። በዚህኛውማ የኢትዮጵያ ልጆች በዓለም ሰርከሶች ተፈልገው የሚሄዱበት ሙያ ስለሆነ በቀላሉ አይጨበጨብም። ጥቂት ቆይተው ግን አጨበጨቡ።

በቀለበት ውስጥ መሾለክ ከሃን ሥርወ መንግሥት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት አንሥቶ የነበረ ጨዋታ ነው። ያኔ የሚሾለከው ዙሪያውን ጦር በተሰካበት የሰሌን ጥቅል ውስጥ ነበር ይባላል። ዛሬ ጦሩ ቀርቷል፤ ከፍታው ግን አልቀረም። አንዱ ወጣት ወደ ኋላ ተገልብጦ የላይኛውን ቀለበት ሊያልፍ ሲል እግሩ ነካውና ቀለበቱም እሱም ወደቁ። አዳራሹ "ውይ!" አለ። አጠገቤ የነበረችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ "ኮች፣ እነሱም ይወድቃሉ እንዴ?" ስትለኝ ወጣቱ ተነሥቶ ለሕዝቡ ጎንበስ ብሎ ወደ መነሻው ተመልሷል። ደገመው፤ አሁንም ነካው። ሠለሰው፤ አለፈ፣ ቀለበቱም ንቅንቅ አላለም። እናቶች እልልታውን አቀለጡት።

ለዚህ ወጣት የተለየ ምስጋና አለን። እኛ ጋ ሰው ፊት የወደቀ ልጅ ያፍራል፣ ይደበቃል፤ በዚያው የሚቀርም አለ። አሁን የወደቀ ሁሉ ተነሥቶ ጎንበስ ይልና ይደግማል። እንዲያውም ለመጎንበስ ሲሉ የሚወድቁ ሳይኖሩ አይቀርም።

ትርኢቱ አልቆ፣ አውቶቡሳቸው ውጭ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ፣ የቡድኑ አሠልጣኝ የሆኑት ሴት ልጆቹን ወደ መድረክ ጠሯቸው። የቻይና አክሮባት መሠረቱ አራት ነው፦ ወገብ፣ እግር፣ መገለባበጥና በእጅ መቆም። የእኛ ልጆች የሚወዱት መገለባበጡን ነው፤ ስለሚያስጨበጭብ። እሳቸው ያስጀመሯቸው ግን በእጅ ከመቆም ነው። አንዷን ልጅ በእጇ አቁመው አንድ እጃቸውን ሆዷ ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አደረጉና የጎበጠውን ቀስ ብለው አቀኑት። የተጨማደዱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ወለሉ ላይ ዘረጉላት። በአስተርጓሚያችን በኩል "መሬቱን በጣቶችሽ ያዢው" አሏት። እጃቸውን ሲያነሡ ልጅቷ ቀጥ ብላ ቀረች። እናቷ ከወንበሯ ተነሥታ "በስመ አብ!" ስትል ተሰማች። እንዲህ እያሉ ሁሉንም ልጅ አዳረሱ፤ አንድም አልዘለሉም።

በዚያ ሰዓት መብራቱን ሳያጠፋ የጠበቀን የመብራት ባለሙያ፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆመው "ይጨርሱ፣ ልጆች ናቸው" ያሉልን የጽዳት እናቶች፣ በወንበሩ ትርኢት ጊዜ በስልካቸው ፍላሽ የሚያበሩትን እየዞረ ያስቆመው አስተናባሪ፣ ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ፍላሽ ከላይ ያለችውን ልጅ ዓይን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቡድኑ ሲሄድ ጥቂት ዲያቦሎ (በሁለት ዘንግ መካከል በታሰረ ገመድ ላይ እየተሽከረከረ የሚወረወር መጫወቻ) እና አንድ ትልቅ የልምምድ ፍራሽ ትቶልናል። ሰርከስ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርከስ ኢትዮጵያ ከተቋቋመ ወዲህ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማና መቀሌ ተስፋፍቷል፤ የፍራሽ ችግርም አብሮት ተስፋፍቷል። እኛ የምንለማመደው አሮጌ የጥጥ ፍራሽ ላይ ሸራ አልብሰን ነበርና የስጦታውን ዋጋ የምናውቀው እኛ ነን። ፍራሹን ጣሪያው ላይ ጭኖ ያደረሰልን የሚኒባስ ሹፌርና "የዕቃ ሒሳብ" ሳይል እስከ ግቢያችን በር ድረስ የተሸከመው ረዳት፣ እግዜር ይስጥልን።

መንገድ ላይ ሚስማር ይዞት ኖሮ ፍራሹ ጥጉ ላይ ተቀዷል። የሰፈራችን ጫማ ሰፊ በወፍራም ክር ሰፍቶልናል፤ ሒሳብም አልቀበልም ብሏል። እሱንም እናመሰግናለን።

አሠልጣኙ፣ በልጆቹና በወላጆቻቸው ስም